ጉም ሲወርድ አብራሪ ምን ይገጥመዋል? በደጋው ሰማይ ላይ የሚደበቀው አደጋ

ቁይ፦ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የደባይ ጥላትግን ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ቁይና በዙሪያዋ ክረምት ሲገባ ጉም እንደ ቤተኛ የታወቀ ነው። ማለዳ ከጮቄ ተራራ በኩል እየተንከባለለ ይወርድና ማሳውን፣ ባሕር ዛፉን፣ የቤቱን ክዳን ሁሉ ይሸፍናል። ከብቶቹን ወደ መስክ የሚነዳ እረኛ የላሟን ጭራ ቢያይ ቀንዷን አያይም። በዚህ ጊዜ ልምድ ያለው እረኛ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ይቆማል። ጋቢውን ተከናንቦ፣ የከብቶቹን ድምፅ እያዳመጠ፣ ጉሙ እስኪገለጥ ይጠብቃል። ገደል በበዛበት አገር በጉም ውስጥ መራመድ ምን እንደሚያስከትል ከአባቶቹ ተምሯልና።

በሰማይ ላይ ያለ የአውሮፕላን አብራሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። አውሮፕላን በአየር ላይ የሚቆየው ወደፊት ስለሚጓዝ ነው፤ ልቁም ቢል ይወድቃል። ስለዚህ መሬትንና አድማስን በዓይኑ እያየ የሚበር አብራሪ ድንገት ጉም ውስጥ ሲገባ እንደ እረኛው ቆሞ የማሰብ ጊዜ አያገኝም። በዓለም ዙሪያ በአነስተኛ አውሮፕላኖችና በሄሊኮፕተሮች ላይ ከሚደርሱ አደጋዎች መካከል እጅግ ገዳይ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው። በዓይን እየታገዙ በመብረር ላይ ሳሉ ደመና ውስጥ መግባት።

ሁለት ዓይነት በረራ

በረራ በሁለት መንገድ ይከናወናል። አንደኛው በዓይን የሚደረግ በረራ ነው። አብራሪው ተራራውን፣ ወንዙን፣ መንገዱንና አድማሱን እያየ አውሮፕላኑን ያቀናል። ሁለተኛው በመሣሪያ የሚደረግ በረራ ነው። አብራሪው ከመስኮቱ ውጭ ምንም ባያይ እንኳ በፊቱ የተደረደሩትን መለኪያዎች በማንበብና ከመሬት ከሚመራው የበረራ ተቆጣጣሪ ጋር በመነጋገር ይጓዛል።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ላሊበላ መንገደኛ የሚያመላልሱት አውሮፕላኖች በመሣሪያ ለመብረር የተዘጋጁ ናቸው። አብራሪዎቻቸውም ለዚሁ የሠለጠኑ፣ በየጊዜው የሚፈተኑና ሁለት ሆነው የሚበሩ ናቸው። እነዚህ አውሮፕላኖች ደመና ውስጥ ሲገቡ መንገደኛው ቢጨነቅም፣ ለአብራሪዎቹ የዘወትር ሥራ ነው። አደጋው የሚበረታው በዓይን ብቻ ለመብረር በታቀዱ ጉዞዎች ላይ ነው። ሕሙማንን የሚያነሡ ሄሊኮፕተሮች፣ የዕርዳታ እህልና ሠራተኞችን ወደ ሩቅ ሜዳዎች የሚያደርሱ አነስተኛ አውሮፕላኖች፣ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በአገሪቱ በተከሰተ ጊዜ እንደታየው ኬሚካል የሚረጩ አውሮፕላኖች በአብዛኛው መሬትን እያዩ የሚበሩ ናቸው። አርሶ አደሩ ከራሱ በላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ የሚያያቸውም እነዚህኑ ነው።

በዓይን ለሚደረግ በረራ ዓለም አቀፉ ሕግ ዝቅተኛ መሥፈርት አስቀምጧል። በመደበኛው ደንብ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 50 ሜትር በታች የሚበር አብራሪ ቢያንስ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ከፍታ በላይ የሚበር ደግሞ ቢያንስ 8 ኪሎ ሜትር አርቆ ማየት መቻል አለበት። ከደመናም በጎን 1 ሺህ 500 ሜትር፣ ወደ ላይና ወደ ታች 300 ሜትር ያህል መራቅ ይጠበቅበታል። ለመሬት ቀርቦ ለሚበር ደግሞ ከደመና ውጭ መሆንና መሬትን ማየት ግዴታ ነው። ቁጥሮቹ የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የምትበር አነስተኛ አውሮፕላን በአንድ ደቂቃ 4 ኪሎ ሜትር ታቋርጣለች። አብራሪው አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ማየት ከቻለ ከፊቱ ተራራ ቢኖር ካየው ቅጽበት እስከሚደርስበት ድረስ ያለው ጊዜ 15 ሴኮንድ ብቻ ነው።

ጆሮ ሲዋሽ

ብዙ ሰው አብራሪ በጉም ውስጥ የሚሞተው ተራራ ስለማያይ ብቻ ይመስለዋል። ተራራ በሌለበት ሜዳ ላይ እንኳ ጉም ይገድላል። ምክንያቱ በሰው ጆሮ ውስጥ ይገኛል።

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀጫጭን የግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላት ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና ለአንጎል «እየዞርክ ነው» የሚል መልእክት ይደርሳል። ይህን ለመረዳት ውኃ የሞላበትን ገበቴ ማሰብ ይበቃል። ገበቴውን በዝግታ ማዞር ሲጀምሩ ውኃው መጀመሪያ ባለበት ይቆያል። ማዞሩ ሲቀጥል ግን ውኃው ከገበቴው ጋር አብሮ ይዞራል። ገበቴው በድንገት ሲቆም ደግሞ ውኃው መዞሩን አያቋርጥም።

የጆሮ ፈሳሽም እንዲሁ ነው። አውሮፕላን በዝግታ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ስትጀምር ጆሮ ላያውቀው ይችላል። መዞሩ ለጥቂት ሴኮንዶች ሳይለዋወጥ ሲቀጥል ፈሳሹ ይረጋጋና አንጎል «ቀጥ ብለን እየሄድን ነው» ብሎ ይደመድማል። አብራሪው መለኪያውን አይቶ አውሮፕላኗን ሲያቀና ደግሞ ፈሳሹ ወደ ተቃራኒው ይገፋና «ወደ ሌላው ጎን እያዘነበልክ ነው» ይለዋል። ሜዳ ላይ ሰው እንዲህ ያለው ስሜት አይጎዳውም፤ ዓይኑ ይታረምለታልና። ጉም ውስጥ ግን ዓይን ምስክርነቱን ያጣል፤ ሐሰተኛው ምስክር ጆሮ ብቻውን ይቀራል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በአቪዬሽን ታሪክ ደጋግሞ ታይቷል። ያዘነበለች አውሮፕላን ወደ ላይ የሚያነሣት ኃይል ስለሚቀንስ አፍንጫዋን ደፍታ መውረድ ትጀምራለች፤ ፍጥነቷም ይጨምራል። ማዘንበሏን ያልተረዳው አብራሪ የከፍታ መለኪያው ሲወርድ ያይና አፍንጫዋን ወደ ላይ ይስባል። መሳቡ ግን መዞሩን ያጠብቀዋል እንጂ መውረዱን አያቆመውም። አውሮፕላኗ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ እየዞረች፣ በየዙሩ እየፈጠነች ወደ መሬት ትወርዳለች።

178 ሴኮንድ

እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን አደጋ በተግባር ፈትነውታል። በመሣሪያ የመብረር ልምድ የሌላቸውን 20 አብራሪዎች ከአሠልጣኝ ጋር አውሮፕላን ላይ አሳፍረው፣ ውጭውን እንዳያዩ በማድረግ ደመና ውስጥ የገቡ ያህል እንዲበሩ አደረጓቸው። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር ተሳናቸው። አንዳንዱ በ20 ሴኮንድ፣ የቆየው በ480 ሴኮንድ፣ በአማካይ ሲሰላ ግን በ178 ሴኮንድ ውስጥ ነበር። ይህም ከሦስት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ለአብራሪዎች በማስጠንቀቂያነት ይነገራል።

የጥናቱ ሌላው ክፍል ግን ተስፋ ሰጪ ነበር። እነዚያው አብራሪዎች መሣሪያውን አምነው፣ በዝግታ ዞረው ወደ መጡበት ለመመለስ የሚያስችል አጭር ሥልጠና ከተሰጣቸው በኋላ አብዛኛውን ሙከራ በሚገባ ተወጥተዋል። ከዚህ የምንረዳው ሥልጠና ሕይወት እንደሚያድን ነው። ሆኖም ሥልጠናው የሚያስተምረው ዋና ነገር በጉም ውስጥ ወደፊት መቀጠልን ሳይሆን መመለስን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የጎጃም ደጋ ለምን ይከብዳል?

ጉምና ደመና በመሠረቱ አንድ ናቸው። ቁይ ላይ ቆሞ ወደ ጮቄ ለሚያይ ሰው ደመና የሆነው ነገር በተራራው ላይ ለሚኖረው ሰው ጉም ነው። በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጮቄ ተራራ ጋር ሲጋጠም ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን እንፋሎት መሸከም ያቅተዋል፤ እንፋሎቱም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ደመና ይሠራል። ለዚህ ነው ሜዳው ፀሐይ እየመታው ተራራው ደመና የሚለብሰው።

የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የደመናን ወለል በቀላሉ የሚገምቱበት ስሌት አላቸው። በአየሩ ሙቀትና እንፋሎቱ ወደ ጠብታ በሚለወጥበት የሙቀት መጠን መካከል ያለው እያንዳንዱ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት የደመናውን ወለል 125 ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ለምሳሌ 2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ቢሆን የደመናው ወለል ከሜዳው በላይ 500 ሜትር ላይ፣ ማለትም ከባሕር ወለል 3 ሺህ ሜትር ላይ ይሆናል። ከሜዳው ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ሰማዩ በቂ ከፍታ ያለው ይመስላል። የጮቄ የላይኛው አንድ ሺህ ሜትር ግን በዚያ ደመና ውስጥ ተደብቋል። ሜዳው ላይ ያየውን ሰማይ አምኖ ወደ ተራራው የሚበር አብራሪ ሰማዩ እየወረደ፣ መሬቱ እየወጣ፣ መሐሉም እየጠበበ ይመጣበታል።

የከፍታ መለኪያውም ቢሆን ካልተጠነቀቁለት ያሳስታል። መለኪያው የሚነግረው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ነው እንጂ ከሥር ያለውን መሬት ርቀት አይደለም። «3 ሺህ 500 ሜትር» የሚለው ንባብ ለዝቅተኛው ምድር እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ለጮቄ ግን ከተራራው በታች ነው። በዓባይ ሸለቆ ላይ ደግሞ መሬቱ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርድና እንደገና ይወጣል። አውሮፕላን ምንም ብልሽት ሳይኖርባት፣ አብራሪውም እየተቆጣጠራት ከተራራ ጋር የምትላተምበት አደጋ የሚደርሰው እንዲህ ባለው ምድር ላይ ነው።

የአየሩ መሳሳትም ይጨመርበታል። በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚይዘው አየር ይሳሳበታል። በቆላ ምድር በፍጥነት ወደ ላይ የምትምዘገዘግ አነስተኛ አውሮፕላን በደጋው ላይ ጭነት እንደበዛበት በቅሎ ቀስ እያለች ትወጣለች። ስለዚህ «ጉም ካጋጠመኝ ወደ ላይ እወጣለሁ» የሚለው ዕቅድ በደጋ አገር አስተማማኝ አይደለም።

ዞሮ ለመመለስም ቦታ ያስፈልጋል። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የምትበር አውሮፕላን በተለመደው ለስላሳ አዟዟር ፊቷን ለመመለስ አንድ ደቂቃ ይወስድባታል፤ የምትይዘውም ስፋት 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከዚያ በጠበበ ሸለቆ ውስጥ የገባ አብራሪ መመለስን ቢያስብም ጊዜው አልፎበታል። ውሳኔው መወሰን ያለበት ሸለቆው ሳይጠብብ፣ ጉሙም ሳይደርስ በፊት ነው።

ከነሐሴ 1981 ዓ.ም. የተገኘ ትምህርት

ኢትዮጵያ በክረምት ሰማይ ምክንያት ከደረሰባት ሐዘን መካከል የሚኪ ሌላንድ ጉዞ ይጠቀሳል። ሚኪ ሌላንድ ከቴክሳስ ግዛት የሂውስተን ከተማ የተመረጡ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበሩ። በምክር ቤቱ የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴን የመሩ፣ ስለ አፍሪካ ረሃብተኞች አጥብቀው የተሟገቱ፣ ወደ ኢትዮጵያም ደጋግመው የተመላለሱ ሰው ናቸው። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ትዊን ኦተር በተባለች ሁለት ሞተር ባላት አነስተኛ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጋምቤላ በኩል ወደሚገኘው የፉኙዶ የሱዳናውያን ስደተኞች መጠለያ አቀኑ። አውሮፕላኗ ግን አልደረሰችም። በመጥፎ የአየር ጠባይ በምዕራብ ኢትዮጵያ ተራራማ ምድር ላይ ወድቃ ነበር።

ፍለጋው ስድስት ቀን ወሰደ። ደመናው የሸፈነው ተራራ ፈላጊዎቹንም አላሳይ አለ። ስብርባሪዋ የተገኘው ነሐሴ 7 ቀን ሲሆን፣ ተሳፍረው የነበሩት 16 አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን በሙሉ ሕይወታቸው አልፏል። ሌላንድ በዚያን ጊዜ የ44 ዓመት ሰው ነበሩ። ዛሬ በሂውስተን አውሮፕላን ማረፊያ የዓለም አቀፍ መንገደኞች ማስተናገጃ በስማቸው ይጠራል። ለተራቡ ሊደርስ የተነሣ ጉዞ በክረምቱ ሰማይ ተቋርጦ መቅረቱ፣ ደግ ዓላማ ብቻውን ከተራራና ከደመና እንደማያድን ያስታውሳል።

ችግሩ የድሆች አገሮች ብቻም አይደለም። ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ታዋቂው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኮቢ ብራያንት፣ የ13 ዓመት ልጁ ጂያናና ሌሎች ሰባት ሰዎች የተሳፈሩባት ሄሊኮፕተር በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ካላባሳስ አቅራቢያ ከኮረብታ ጋር ተላትማ ዘጠኙም ሞተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ ሄሊኮፕተሯ የሞተር ብልሽት እንዳልነበረባት አረጋግጧል። ምክንያቱ በዓይን ይበር የነበረው አብራሪ ደመና ውስጥ ገብቶ የአቅጣጫ ስሜቱን ማጣቱ ነበር። አብራሪው ከደመናው በላይ ለመውጣት ከፍታ እየጨመረ መሆኑን ለበረራ ተቆጣጣሪ በተናገረበት በዚያው ጊዜ ሄሊኮፕተሯ ወደ ግራ አዘንብላ እየወረደች ነበር። ልምድ ያለው አብራሪ፣ ዘመናዊ ሄሊኮፕተር፣ ሀብታም አገር፤ ጆሮ ግን እዚያም ዋሸ።

ለምን ይገቡበታል?

አደጋው ይህን ያህል ከታወቀ አብራሪዎች ለምን ይገቡበታል? መርማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት መልስ ከሰው ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነው። ጉዞው ከተጀመረና መድረሻው ከተቃረበ በኋላ ሰው ዕቅዱን መተው ይከብደዋል። ጉሙ በአንድ ጊዜ እንደ ግድግዳ አይቆምም፤ ቀስ እያለ ይወፍራል። አሥር ኪሎ ሜትር ይታይ የነበረው ስምንት፣ ስምንቱ አምስት፣ አምስቱ ሁለት ይሆናል። አብራሪው በየደረጃው «ትንሽ ልይ» ይላል። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ መድረሻውን እያሰበ አደጋውን ይዘነጋል።

ከኋላው ያለው ግፊትም ቀላል አይደለም። በሽተኛ ይጠብቃል፤ ስብሰባ ያለበት ኃላፊ ይቸኩላል፤ ተሳፋሪ ሰዓቱን ያያል። ማንም «ግባበት» ባይለውም አብራሪው ራሱን ሊያስገድድ ይችላል። የኮቢ ብራያንትን አደጋ የመረመረው ቦርድም አብራሪው በራሱ ላይ የፈጠረው ግፊት ለውሳኔው አስተዋጽኦ እንዳደረገ አመልክቷል።

የሕዝብ ድርሻ

ይህ እውቀት ለአብራሪ ብቻ የሚተው አይደለም። በክረምት ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ላሊበላ የሚሄድ መንገደኛ በረራው ሲዘገይ፣ ሲሰረዝ ወይም አውሮፕላኑ ሳያርፍ ሲመለስ መቆጣቱ የተለመደ ነው። በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን እንኳ ለማረፍ በመጨረሻው ሰዓት ማኮብኮቢያውን ማየት ይጠበቅበታል። በተወሰነው ከፍታ ላይ ደርሶ ማኮብኮቢያውን ያላየ አብራሪ እንደገና ወደ ላይ የመውጣት ግዴታ አለበት። ያ መመለስ የሥራ ጉድለት ሳይሆን ሕጉ በትክክል መሥራቱን የሚያሳይ ነው። ዘግይቶ የገባ መንገደኛ ቤተሰቡ ዘንድ ደርሷል።

ሄሊኮፕተር ወይም አነስተኛ አውሮፕላን የሚጠባበቁ የወረዳና የጤና ኃላፊዎችም አብራሪው «አየሩ አይፈቅድም» ሲላቸው ቃሉን መቀበል፣ አስቀድሞም በመኪና የሚሄዱበትን አማራጭ ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል። በክረምት የደጋ ጉም ብዙውን ጊዜ ማለዳ ወፍሮ ረፋድ ላይ ይሳሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ የሚያመጣው ደመና ይከመራል። አንድና ሁለት ሰዓት መጠበቅ ሕይወት ሊሆን ይችላል።

አርሶ አደሩም ድርሻ አለው። በጉም ውስጥ ዝቅ ብላ የምትበር አውሮፕላን ድምፅ ሰምቶ ድምፁ በድንገት ቢቋረጥ ወይም የፍንዳታ ድምፅ ቢሰማ፣ የሰማበትን ሰዓትና አቅጣጫ ለቀበሌ አስተዳደርና ለፖሊስ ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። ተራራ በደመና ሲሸፈን ከሰማይ የሚደረግ ፍለጋ ቀናት ሊወስድ እንደሚችል የ1981ዱ ነሐሴ አሳይቷል፤ አገሩን የሚያውቅ የአንድ እረኛ ጥቆማ ያን ጊዜ ያሳጥራል። በሥፍራው የደረሰ ሰው የተረፉትን ከመርዳትና ከእሳት ከማራቅ በቀር ስብርባሪውን ማንሣት፣ ወደ ቤትም መውሰድ የለበትም። እያንዳንዱ ቁራጭ የአደጋውን መንሥኤ ለሚመረምሩ ባለሙያዎች ማስረጃ ነው፤ የሚገኘው መልስም የሚቀጥለውን መንገደኛ ያድናል።

ከሁሉ በላይ ግን ትምህርቱ በቁይ መስክ ላይ ያለው እረኛ አስቀድሞ ያወቀው ነው። ጉም ሲወርድ ብልህ ሰው አይፎካከርም፤ ይቆማል ወይም ይመለሳል። አብራሪ መቆም ስለማይችል የቀረው ምርጫ መመለስ ነው። ለመመለስም ጉሙ ከመድረሱ በፊት፣ ሸለቆው ገና ሰፊ ሳለ፣ ሰማዩም ከኋላው ክፍት ሳለ መወሰን ይኖርበታል።